አንድ ምስማር፣ ብዙ ፎቶ

ልጆቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ሰንበቴው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ዋርካው ጥላ ሲጠጋ ነገር ማንሣት የእኔ ልማድ ነውና ዛሬም ታገሡኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የእኔ ነገር ከአንድ ምስማር ይጀምራል።

ባለፈው ሳምንት አንድ በእጃችን ያደገ የመንደራችን የዘንዘልማ ልጅ አዲስ አበባ ሰንብቶ ሲመለስ ሊጠይቀኝ መጣ። በብብቱ ትልቅ ፖስታ ይዟል። መደቡ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ እያወጣ ዘረጋቸው፤ የቀድሞ መሪዎች ፎቶግራፎች ናቸው። ጃንሆይ አሉ፤ የደርጉ ሊቀ መንበር አሉ፤ ከእነርሱ ወዲህ የመጡትም አሉ። አንዱን ግን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ ለብቻው አኑሮታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ ነው፤ ከግርጌው በቀለም የተጻፈ ፊርማ አለበት። የገዛበትን ዋጋ ሲነግረኝ ኩታዬን ሰብሰብ አደረግሁ። የአንድ ወይፈን ዋጋ ነው! መሪ የፈረመበትን ፎቶ ማሰባሰብ በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ እንደሆነ አጫወተኝ፤ እኔም ሰማሁት።

ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳዬን አየና፣ «አባባ፣ ይህን ሁሉ መንግሥት አይተው አንድ የመሪ ፎቶ እንኳ አልሰቀሉም። ከበሩ ትይዩ፣ ከክብሩ ቦታ ላይ ወንፊት ይሰቀላል እንዴ?» አለኝ።

ሳቅሁ። ወንፊቷ የተሰቀለችበትን ምስማር የመታው አባቴ ነው፤ ጃንሆይን ሊሰቅልበት። ያ ምስል ፊርማ አልነበረውም፤ ከባሕር ዳር ገበያ የተገዛ የታተመ ወረቀት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ከእኛም ምስማር ወረዱ። እናቴ ምስሉን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከጎታው ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ደበቀችው። ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ያደለን የሊቀ መንበሩ ምስል መጣ፤ ያው ምስማር ተሸከመው። ግንቦት 1983 ዓ.ም ሲደርስ እርሱም ወረደ፤ የምድጃ መለኮሻ ሆነ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም አቶ መለስ ዜናዊ ሲያርፉ አገሩ ሁሉ በምስላቸው ተሸፈነ፤ አንዱን ለእኔም አመጡልኝ። «ምስማሩ ደክሞታል» ብዬ መለስሁት። በማግስቱ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወንፊቷን ሰቀለችበት። ከዚያ ወዲህ ያወረዳት የለም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት ያስተማረኝ ያ ምስማር ነው።

ይህን ስላችሁ ልጁን ልወቅሰው እንዳይመስላችሁ። ያለፈን ሰው መልክ ማኖር ነውር የለበትም። ነውሩ ሌላ ጋ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ በእኛ አገር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ምሳሩ መጀመሪያ የሚያርፈው በምስሉ ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም የንጉሡ ፎቶ ተቀደደ፤ በ1983 ዓ.ም የሊቀ መንበሩ ተቃጠለ፤ አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ከመቀመጫው ተነቀለ። ቀዳጁም አቃጣዩም ብዙ ጊዜ ያው የትናንቱ ሰቃይ ነበር። ትናንት የሰገደለትን ምስል ዛሬ የሚረግጥ ሰው ነገ ለሚመጣው ሊሰግድ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ለልጁ፣ «ማኖርህ ደግ ነው፤ አያያዝህን ግን እንመርምር» አልሁት። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ?

መጀመሪያ ስለ ፊርማው። የጥንት ነገሥታታችን ቃላቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነበር፤ ማኅተሙም ከደብዳቤው ራስጌ ያርፋል። ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላ ቤተ መንግሥቱ የራሱን ፎቶ አንሺ ያዘ፤ ቦያጅያን የተባሉ አርመኖች፣ አባትና ልጆች፣ ከዐፄ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሥታቱን መልክ አነሡ። ጃንሆይም ፎቷቸውን ፈርመው፣ የዘውድ ምልክት ባለበት የብር ፍሬም አስገብተው፣ ለእንግዶቻቸውና ላከበሩት ሰው ይሰጡ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተፈረመ ፎቶ ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ተቀባይ አለው። ልጁን፣ «ይህን ጃንሆይ ለማን ሰጡት?» አልሁት። አላወቀም። «ከተቀባዩ ቤት በምን ወጣ?» አልሁት። ዝም አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ወደ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ሲረሸኑ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ አብረው ወደቁ። ትናንት ከንጉሡ ጎን ቆሞ ፎቶ የተነሣ ሰው በአንድ ሌሊት አለቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የከተማ ትርፍ ቤት ሲወረስ ስንቱ ሣጥን ተገለበጠ፣ ስንቱ ደብዳቤና ፎቶ ሜዳ ላይ ቀረ! ለልጅ ልጅ ይቆይ የተባለ ነገር ገበያ የሚወጣው ቤት ሲፈርስ ነው፤ ሰው ሲሰደድ፣ ሲታሰር፣ ሲሞት ወይም ሲቸግረው። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ ስትገዙ ከፎቶው ጋር የአንድ ቤት ኀዘን እየገዛችሁ እንደሆነ አትርሱ። የባለቤቱ ዘር ካለ ፈልጉት፤ ካገኛችሁት ጠይቁት። ይገባኛል ካለም መልሱለት።

የማስታወሻ ፍቅር ልክ ሲያጣ ወዴት እንደሚያደርስ እኛ አንነገርም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ እንግሊዞቹ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን መዝረፍ አልበቃቸው ብሎ ከንጉሡ ራስ ላይ ጸጉር ቆርጠው ሄዱ። ለማስታወሻ ነው! ያ ሹሩባ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ከርሞ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም ነው፤ መቶ ሃምሳ ዓመት አለፈው። ማስታወሻ ሰብሳቢና ዘራፊ የሚለዩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?» በምትለዋ።

ደግሞ ማታለል አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጠገራ ብር ታስታውሱ እንደሆነ፣ የማርያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ እናቶቻችን እያቀለጡ መስቀልና አምባር ያሠሩበት ብር ነው። የሩቅ አገር ንግሥት ናት፤ ከአያቶቻችን ማንም አላያትም። ሆኖም ገበያ ላይ ብሩን ሲቀበሉ በራሷና በትከሻዋ ያሉትን ዕንቁዎች ሳያዩ፣ በጣታቸው ሳይዳስሱ አይቀበሉም ነበር። የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ከሆነ «ወስደህ አምጣ ሌላ» ነው። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር ለአንድ ብር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ለአንድ ወይፈን ዋጋ እንዴት አይጠነቀቅ? በአሜሪካ የፕሬዚዳንቶችን ፊርማ ጸሐፊዎች ሲፈርሙላቸው፣ ኋላም ማሽን ሲፈርምላቸው ኖሯል። ሻጩ ቢምልም፣ መሐላ ፊርማ አያጸናም። እውነተኛ ፊርማ ካለበት ደብዳቤ ወይም ሰነድ ጋር አስተያይ፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ መሆኑን፣ ወይስ ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ መሆኑን ብርሃን ላይ አድርገህ እይ። ፊርማ ብቻ ከሆነ የወደድኸው ደግሞ፣ የሚመረመር ቃል ባለበት ላይ ፈልገው። ጃንሆይ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ትተውልናል፤ ከደርጉ ሰዎች ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ጽፈዋል። ፎቶ አይከራከርህም፤ መጽሐፍ ግን የሰውዬውን ቃል ይዞ ይጠብቅሃል፤ ትስማማለህ ወይም ትሞግታለህ።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይላሉ አበው። ልጃችን የመሪ መልክ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሲደክም፣ ጣና እዚሁ ከደጃችን ተኝቷል። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ምስላቸውም እዚያው አለ። ግን እንዴት ሆነው? ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው! አገር ያንቀጠቀጡ እቴጌ ለትውልድ የተዉት መልክ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ እንደ ገዳሙ ትውፊት የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም በዚያ አርፏል። ጎልማሳ ሳለሁ ተሳልሜ ሳጥኖቹን አይቻለሁ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ እዚያ ስቆም ግን የማይከሰሰው ንጉሥ ከአንድ ገበሬ አፅም የረዘመ ነገር እንደሌለው አየሁ። የመሪ ፎቶ የምትሰበስብ ልጅ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ተሳለም፤ ዳጋ ሴት አታስገባምና እህቶችህ ናርጋን ይዩ። ከዚያ በኋላ የምትሰቅለውን ምስል ቁመት ታውቀዋለህ።

አሁን ደግሞ ከበድ ወዳለው ልውሰዳችሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለአንተ ጌጥ የሆነ ፎቶ ለጎረቤትህ ቁስል ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በደርጉ ዘመን ለተገደሉት በ2002 ዓ.ም የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ የወጣት፣ የተማሪ፣ የሴት ልጅ፣ በጉርድ ፎቶ፣ ለመታወቂያ እንደሚነሡት። አንዱም ላይ ፊርማ የለም። ማንም ወይፈን ሽጦ አይገዛቸውም፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ያለው ግን የአንዲት እናት ልጅ ነው። እንግዲህ ልጄ፣ የሊቀ መንበሩን የተፈረመ ፎቶ ሳሎንህ ውስጥ ልትሰቅል ስትል፣ ከእነዚያ እናቶች አንዷ ቡና ልትጠጣ ብትመጣ የት ታስቀምጣታለህ? አትያዘው አልልህም፤ ታሪክ ነውና ያዘው። ነገር ግን ሣጥን የተሠራው ለዚህ ነው። ግድግዳ እንግዳ የሚያየው ነው፤ ሣጥን ግን ባለቤቱ አስቦ የሚከፍተው ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የምትለዋንም ስሙልኝ። ልጁን፣ «የአያትህ ፎቶ አለህ?» አልሁት። የለውም። «የእናትህስ የልጅነቷ?» የለውም። የሩቁን ፊርማ በወይፈን የሚገዛ ልጅ የቅርቡን በነጻ አላኖረም። እኔም አልተሻልሁም። ያቺ ወንፊቷን የሰቀለችው ባለቤቴ በሕይወቷ ሳለች አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፎቶ የተነሣችው፤ ለመሬት ይዞታ ደብተራችን። በ1989 ዓ.ም መሬት ተሸንሽኖ ስንት ቅሬታ ካየን በኋላ ደብተሩ ሲመጣ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍበት ተባለ። ነጠላዋን አስተካክላ ከእኔ ጎን አለች፤ ማኅተም አርፎባታል። ከዚህ የበለጠ የተፈረመበት ፎቶ በቤቴ የለም። ስንቶቻችሁ ደብተራችሁን ለክርክር ብቻ ታወጣላችሁ? ዛሬ ቤት ስትገቡ ገልጣችሁ እዩት።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ አባባ፣ ምን ላድርጋቸው? ልጣላቸው?» አለኝ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ሣጥኔን ከፈትሁ። እናቴ ከጎታ ያወጣችውን የጃንሆይን ምስል አወጣሁለት። ጠርዙን ብል በልቶታል፣ ጭስ አጥቁሮታል። ሊነካው እጁን ሲዘረጋ ገልብጬ ሰጠሁት።

ጀርባው ሙሉ ጽሑፍ ነው። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ነበረው፤ ወረቀት ግን አልነበረውም። ስለዚህ ከንጉሡ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር። የእኔ ልደት አለ፤ የወንድሜ ሞት አለ። በሬያችን የሞተበት ዓመት አለ። በ1960 ዓ.ም ከወንዙ ማዶ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት ሲነሣ፣ ጫካ የገባ የአጎቴ ስም አለ። ፊት ለፊቱ ንጉሡ ነው፤ ጀርባው ንጉሡ የሾሙት ገዥ ያስመረረው ሰው ነው። አንድ ወረቀት ሁለቱን ተሸክሞ ኖረ። ከታች ደግሞ ያባቴ ስም፣ በእጁ።

«ይኸውልህ» አልሁት፤ «አትስቀላቸው፣ አታቃጥላቸውም። ጀርባቸውን ጻፍ።» አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ታሪኩ ያልተጻፈለት ፎቶም በጎርፍ እንደሚዞር ግንድ ነው፤ ያገኘው ሁሉ የወደደውን ይለዋል። ከማን እንደተገኘ፣ መቼና የት እንደተነሣ፣ ከመሪው አጠገብ የቆመው ማን እንደሆነ ጻፍ። መሪው ለዚህ አገር ምን እንደሠራ ጻፍ፤ ምን እንዳጠፋም ጻፍ። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም መሬቱን ለአራሹ አለን፤ ልጆቻችንን ደግሞ ለጦርነት ወሰደብን። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የጻፈ ዋሸ። በወንፊት ሲነፋ ዱቄቱም እንክርዳዱም ይታያል።

የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ይሁን፣ ቀስ ብሎ፤ ስክሪፕቶ ወደ ፊት ይሰርጋል፣ ገጹን ይሰነጥቃል። በሙጫ አታጣብቁት፤ የጣና ዳር እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኘው ከወለል ከፍ አድርጉት፤ ፀሐይ ፊት አታኑሩት፣ ቀለሙን ትበላዋለችና።

የጀርባን ነገር የገንዘባችን ወረቀትም ያውቀዋል። በ1969 ዓ.ም የጃንሆይ መልክ ያለበት ብር ተሰብስቦ አዲሱ ሲወጣ፣ በአንድ ብሩ ላይ የገባው የአንድ ልጅ ፊት ነበር፤ ሲገለብጡት ጢስ አባይ። ንጉሡ ከብሩ ወጡ፤ ልጅና ወንዝ ገቡ። በጊዜው ያልለወጠ ሰው ወረቀት ይዞ ቀረ። እኔ ከዚያ የተረዳሁት፣ የመሪ ፊት የሚለወጥ ነገር መሆኑን ነው፤ ወንዙ ግን ያው ይፈሳል፤ ልጁም አድጎ የሚሆነውን ይሆናል።

ልጁ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ያን የወይፈኑን ዋጋ ፎቶ ይዟል፤ እርሳስም ቀርጿል። ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አኖረና መጀመሪያ የጻፈው፣ «ተቀባዩ አልታወቀም፤ ይፈለግ» የሚል ነው። ቀጥሎ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ የአያቴን ስም እስከ ስንት ቤት ያውቃሉ?» አለኝ። እስከ አምስት ቤት ነገርሁት፤ እርሱም በሌላ ወረቀት ጻፈ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የምታኖሩትን የምታውቁ፣ የምታውቁትን የምትጽፉ ያድርጋችሁ። ለሹመት የተመረጠውን ልጃችሁን ትሑት፣ ከሹመት የወረደውን የሰው መሳቂያ የማይሆን ያድርገው። የአባቶቻችሁን ስም ከአፋችሁ፣ የእናቶቻችሁን መልክ ከዓይናችሁ አይለየው። ደህና ዋሉ፤ ጠላው ሳይሞቅ ጠጡት።